ፖስት ቀድሞ ማቀድ፦ ባሕር ዳር ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ዓሣ ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ ጀልባ አከራዩም፣ የሀበሻ ልብስ ሻጩም የራሱ ገጽ አለው። ብዙዎቹ ግን የሚለጥፉት ሲመቻቸው ነው። አንድ ሳምንት በቀን ሦስቴ፣ ከዚያ ለወር ዝም። ቀድሞ ማቀድ እንደሚሻል የሚጠራጠር የለም። ችግሩ ለሌላ አገር የተሠራ የዕቅድ ሠንጠረዥ አውርዶ መነሳቱ ላይ ነው። ዕቅድ የሚሠራው ደንበኛችሁ የሚኖረውን ዓመት ሲከተል ነው፦ ጾሙን፣ በዓሉን፣ ክረምቱን፣ ኔትወርኩን። ከአነስተኛ ነጋዴዎች ጋር ስሠራ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

በፈረንጆች ካላንደር ብቻ ማቀድ

የሚወርዱት ሠንጠረዦች ከጃንዋሪ ይጀምራሉ። መሃላቸው ላይ ሃሎዊንና ብላክ ፍራይዴይ ተጽፏል። የእኛ ሰው ኪሱን የሚፈታው ግን ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለዒድ ነው። ስለዚህ ዕቅዳችሁ መስከረም 1 ላይ ይጀምር። በአንድ ደብተር ላይ አሥራ ሦስቱን ወር ጻፉ፣ በዓላቱን አስገቡ፣ ከእያንዳንዱ በዓል ሁለት ሳምንት ወደኋላ ቆጥራችሁ «እዚህ መለጠፍ እጀምራለሁ» በሉ። የበዓል ዋዜማ ላይ የሚለጠፍ የቀሚስ ማስታወቂያ ለማንም አይጠቅምም። ልብስ ሰፊው ትዕዛዝ መቀበል ካቆመ ቆይቷል።

ከዚያ ቀኑን ወደ ፈረንጆች መቀየር ይመጣል፤ ፌስቡክም ቴሌግራምም የሚያውቁት ያንን ነዋ። ብዙ ሰው ያለፈውን ዓመት ቀን ገልብጦ ይጠቀማል። እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች ግን ቀጣዩ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ናት፤ ስለዚህ የ2020 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። በዚያው ዓመት ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ገና ግን ከጃንዋሪ 7 አይነቃነቅም፤ እንዲህ ባለው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ በታኅሣሥ 29 ፈንታ ታኅሣሥ 28 ይከበራልና። በ2016 ይህ ሁሉ ታይቷል።

ፋሲካ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ የ2019 ሚያዝያ 24 ነው። የሃያ ቀን ልዩነት አለው። ፋሲካው ሲርቅ ዐቢይ ጾሙም አብሮ ይርቃል፦ የ2018 የካቲት 9፣ የ2019 የካቲት 29 ይገባል። ምግብ ቤት ያለው ሰው ይህን ካላየ በ2018 ጾም የነበረውን የየካቲት አጋማሽ በ2019 ላይም በያይነቱ ብቻ ይሞላዋል፤ ያኔ ሰው ገና ፍስክ ላይ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሚያዝያ 10 ላይ የክትፎ ቪዲዮ ይለቃል፤ ያኔ ጾሙ አላለቀም።

ረቡዕና ዓርብንም አትርሱ። ደብተሩ ላይ የጾም ቀኖችን በአንድ ቀለም አቅልሟቸው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም እነዚያን ነጻ ተዉአቸው። ዓሣ ቤት ካላችሁ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። በጾም ዓሣ የሚበላ ደንበኛም የማይበላም አለ። «የጾም ምግብ» ብላችሁ አትጻፉ። «የዛሬ ቆሮሶ ጥብስ» ብላችሁ ለደንበኛው ተዉለት።

ረመዳንና ዒድ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀድመው ይመጣሉ፤ ዒድም ጨረቃ ታይታ ነው የሚረጋገጠው። ስለዚህ የመልካም ምኞት ጽሑፉን በረቂቅ አዘጋጁት እንጂ በራሱ እንዲወጣ ሰዓት አትሙሉለት። ሲረጋገጥ በእጃችሁ ልቀቁት። ባሕር ዳር ውስጥ የሙስሊም ደንበኞቹን በዓል በተሳሳተ ቀን «እንኳን አደረሳችሁ» ያለ ገጽ አይታችሁ እንደሆነ፣ ኮሜንቱን ማንበብ ይከብዳል።

2 ሰዓትን 2:00 ብሎ መሙላት

ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በየጊዜው ይከሰታል። ምሽት 2 ሰዓት ሰው ቤቱ ገብቶ ስልኩን የሚያይበት ሰዓት ነው። ስልኩ ግን ያንን ሰዓት 8 ፒኤም ወይም 20:00 ነው የሚለው። 2 ፒኤም ብላችሁ ከሞላችሁ ፖስቱ ቀን 8 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ 2 ኤኤም ካላችሁ ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ መሆኑን እዩ፤ ሁለቱ አንድ ሰዓት ናቸው። ጽሑፉ ውስጥም «ጀልባው 2 ሰዓት ይነሳል» ብቻ አትበሉ። «ጠዋት 2 ሰዓት» በሉ። እንግሊዝኛውን ለእንግዳ ስትጽፉ ደግሞ 8 አድርጉት። አንድ ቱሪስት ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ቆሞ ጀልባ ሲፈልግ ማየት ያሳዝናል።

አንድ ጉዞ ለአንድ ፖስት

ጊዜም ብርም የሚባክነው በዋናነት እዚህ ነው። ሰው ነዳጅ ከፍሎ ዘጌ ይሄዳል፣ ከጀልባው ፊት ሁለት ሰልፊ ያነሳል፣ ማታ ይለጥፈዋል፣ አለቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «ምን ልለጥፍ?» ይላል።

ከመሄዳችሁ በፊት የምታነሱትን በወረቀት ጻፉ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳና ማዕበሉ ስልክ አያስይዝም። ስለዚህ በጠዋት ውጡ። ጀልባው ከወደቡ ሲለቅ አሥራ አምስት ሰከንድ ያዙ። የሞተረኛውን እጅ ያዙ። ዘጌ ስትወርዱ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ያለውን ቡና አንሱ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትደርሱ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ ፍላሽ አጥፉ፤ የግድግዳ ሥዕሎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። መንገድ ላይ ዕቃ የሚሸጡትን ሰዎች አናግሩ፣ ቢፈቅዱ ድምፃቸውን ቅረጹ። ሁሉንም በቁሙም በአግድሙም አንሱ፤ ቲክቶክ የሚፈልገው በቁሙ፣ ዩቲዩብ በአግድሙ ነው።

ታንኳ ብቻውን ለአንድ ወር ይበቃል ብል አላጋነንኩም። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ሲታጨድ አንድ ቪዲዮ ነው። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ሲደርቅ ሌላ። እየተጠቀለለ በገመድ ሲታሰር፣ ሠሪው በጉልበቱ ጫን እያለ ሲያጠብቀው ሦስተኛው። ከዚያ ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሲከብድና ዳር ላይ ወጥቶ ሲደርቅ አራተኛው፤ ይህን ክፍል ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ስለዚህ ያስጠይቃል። ሠሪውን «ስንት ጊዜ ያገለግላል? ደንገሉ ከየት ይመጣል? ማን አስተማረህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ረጅሙ ጽሑፍ ይሆናል፤ ከረጅሙ ጽሑፍ ደግሞ አጫጭሮቹ ይቆረጣሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ብትሠሩ ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል።

የዚያኑ ዕለት ማታ፣ ሳትተኙ፣ የእያንዳንዱን ቪዲዮ ቦታና ስም ጻፉ። ሁለት ወር ቆይታችሁ ፎልደሩን ስትከፍቱ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ከአዝዋ ማርያም መለየት ያቅታችኋል። የተሳሳተ ስም ያለው ፖስት ደግሞ እዚህ አገር ሳይታረም አያልፍም፤ ሰው የራሱን ገዳም ያውቃል። ስለ ገዳማት ከጻፋችሁ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች እንደማይገቡባቸው አብራችሁ ጻፉ። እንግዳዋ ጀልባ ተከራይታ ከደረሰች በኋላ መስማት የለባትም።

ክረምት የመጻፊያ ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡም ይበረታል፣ እንግዳም ይቀንሳል። «ከባሕር ዳር ዘጌ እንዴት ይኬዳል? ምን ይለበሳል? ስንት ሰዓት ይበቃል?» የሚሉትን ዓመቱን ሙሉ የሚነበቡ ጽሑፎች ያኔ ጨርሷቸው።

ወቅቱ ያለፈ ምስል መልቀቅ

ይህ ያናድደኛል፣ አልደብቅም። ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በነሐሴና በመስከረም ሲወርድ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። በበጋ ግን ውሃው ይቀንሳል፤ የተረፈውም ለኃይል ማመንጫ ይወሰዳል። በ2002 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫም ከሐይቁ ራሱ ነው የሚቀዳው። አንድ አስጎብኚ የነሐሴን ቪዲዮ መጋቢት ላይ ስከጁል አድርጎ (በራሱ እንዲወጣ ሰዓት ሞልቶ) ይለቃል። ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣና ገደሉ ላይ ቀጭን ውሃ ያያል። ኮሜንት የሚጽፈው ያኔ ነው።

ሙሉውን ፏፏቴ በመስከረም አንሱና አስቀምጡት፤ የሚለቀቀው በቀጣዩ ሐምሌ፣ ሰው ለክረምቱ መጨረሻ ጉዞ በሚያስብበት ጊዜ ይሁን። በበጋ በእውነት ያለውን አሳዩ፦ የጥንቱን የድንጋይ ድልድይ፣ የእግር መንገዱን፣ መንደሩን። ድሮ የተነሳ ከሆነ ወሩን ጻፉበት። የከተማ ፎቶም ቢሆን ያስታውቃል፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የሌለበት የድሮን ምስል «የዛሬዋ ባሕር ዳር» ሲባል ልጁም አዋቂውም ይነቃበታል።

ሁሉንም ነገር ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ

የእኛን ክልል ሁኔታ ታውቃላችሁ። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር ደረጃ ታግደው ነበር። ከዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ዕቅዳቸውም፣ ፎቷቸውም፣ የደንበኛ ዝርዝራቸውም ኦንላይን ብቻ የነበረ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ቪዲዮና ፎቶውን ስልካችሁ ላይና ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ጽሑፎቹን ደብተር ላይም ገልብጡ። የቋሚ ደንበኞቻችሁን ስልክ፣ በፈቃዳቸው፣ መዝግቡ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ኤስኤምኤስ ይደርሳል። ኔትወርክ ጥሩ የሆነ ቀን ስታገኙ ቁጭ ብላችሁ የሁለት ሳምንቱን በአንዴ ስከጁል አድርጉ። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብላችሁ ስትይዙና ከሚመጣው ዝርዝር ስከጁል የሚለውን ስትመርጡ ሰዓት ይጠይቃችኋል። ያንን ከሞላችሁ መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ መብራት ጠፍቶ ስልካችሁ ቢዘጋም በሰዓቱ ይወጣል።

ስከጁል አድርጎ መርሳት

ቀድሞ የተያዘ ፖስት ሀዘን አያውቅም። ከተማው ወይም አገሩ በመጥፎ ዜና ተመትቶ ሰው ሁሉ ልቡ ተሰብሮ ባለበት ምሽት «ቅዳሜን ከእኛ ጋር ይዝናኑ!» ብሎ ዘፈን ያለው ማስታወቂያ ይወጣል። ባለቤቱ አላየውም፣ ተኝቷል። ተከታዩ ግን «እነዚህ ሰዎች እዚህ አገር አይኖሩም እንዴ?» ይላል፤ ልክም ነው።

ገጹን የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ። ሁልጊዜ ጠዋት ቡና ሲጠጣ የዕለቱን ፖስት አንብቦ «ይሂድ» ወይም «ይቆይ» ይበል። ማቆሚያው የት እንደሆነ ሌላም አንድ ሰው ይወቅ። ፖስቱ ደንበኞች የሚጓዙበትን መንገድ ሁኔታ የሚነካ ከሆነ ደግሞ ሳይጣራ ፈጽሞ አይለቀቅ።

ኮሜንትም አለ። ፖስቱ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ወጥቶ «ስንት ነው?» ለሚለው እስከ ማግስቱ መልስ ከሌለ ዕቅዱ ግማሹን ዋጋ አጥቷል። «ኢንቦክስ» የሚለው መልስ ደንበኛ ያባርራል፤ ዋጋ ይጻፍ። ግን ነዳጅ ሲጨምር የጀልባ ኪራይ በአንድ ሌሊት ይለወጣልና ከሁለት ወር በፊት በተዘጋጀ ቪዲዮ ላይ ዋጋ አትጻፉ። ከገጹ አናት ፒን በተደረገ አንድ ፖስት ላይ አስቀምጡትና እሱን ብቻ አድሱ።

ሁሉንም ቀን መሙላት

በሳምንት ሦስት ቀን ያዙ፣ ሌላውን ክፍት ተዉት። አንድ ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎቹ ትልቅ አምባዛ ይዘው ይመጣሉ። ቅዳሜ ገበያ ያላሰባችሁት ነገር ይገጥማችኋል። ሠርገኛ መጥቶ ሐይቁ ዳር ይጨፍራል። ያኔ ስልኩን አውጥታችሁ፣ አንሥታችሁ፣ ሰዎቹን አስፈቅዳችሁ ወዲያው ትለቁታላችሁ፤ የዚያ ቀን ሳጥን ባዶ ስለሆነ የሚፈናቀል ነገር የለም።