አሮጌ የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ለዒላማ ተኩስ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ላይ መታየታቸው፣ እዚያ በሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ልዩ ስሜት ፈጥሯል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ከውጭ የተገዙ ሞዜሮች፣ ወራሪው ጥሎት የሄደው ካርካኖ፣ በኋላም ከአሜሪካ የመጡ ኤም 1 ካርባይኖች በዚህ መንገድ ከሻጮች እጅ ገብተዋል። አያቱ ምንሽር ወይም ውጅግራ ይዞ እንደ ዘመተ እየተነገረው ያደገ ሰው፣ የአንበሳ ምልክት የታተመበት ጠመንጃ ሲያይ ልቡ ቢነሣሣ አይፈረድበትም። የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው ግን በዚሁ ቅጽበት ነው፤ ገዢው በማኅተሙ ተማርኮ ገንዘቡን ይከፍልና ብረቱን ሳይመረምር ይቀራል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ጠመንጃ ማኅተሙ ይበቃው ይሆናል። ሊተኮስበት ለታሰበ ጠመንጃ ግን ወሳኞቹ በርሜሉ፣ መቀርቀሪያውና የሚጎርሰው ጥይት ናቸው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ስህተት በፎቶግራፍና በሰደፉ ውበት መፍረድ ነው። ሰደፉ የተጫረና የጠቆረ ሆኖ በርሜሉ እንደ አዲስ የሆነ ጠመንጃ አለ፤ የዚህ ተቃራኒም ሞልቷል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው መቀርቀሪያውን ካወጡ በኋላ፣ ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን አቅንተው በርሜሉን ይመልከቱ። ጠመዝማዛዎቹ መስመሮች ጠርዛቸው ስለት ያለው መስሎ ከታየ፣ ውስጡ ትንሽ የጠቆረ ቢሆን እንኳ በደኅና ሊተኩስ ይችላል፤ መስመሮቹ ከተድበሰበሱ ወይም ዝገት ጉድጓድ ከቆፈረባቸው ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ቀጥሎ አፈሙዙን ይዩ። ወታደሮች ለብዙ ዓመታት በብረት ዘንግ ከፊት በኩል ሲያጸዱ የአፈሙዙን ጫፍ ይበሉታል። ለዚህ የቆየ መሞከሪያ አለ፦ መቀርቀሪያው እንደ ወጣ፣ ባሩድና መለኮሻ የሌለው መለማመጃ ጥይት በአረሩ በኩል ወደ አፈሙዙ ማስገባት ነው። አረሩ እስከ ቀለሁ አንገት ድረስ ከሰመጠ አፈሙዙ ተበልቷል ማለት ነው፤ የአረሩ ጥቂት ክፍል ውጭ ከቀረ ግን ደኅና ነው። ይህ መሞከሪያ በአንዳንድ የሩሲያ ሞሲን ናጋንቶች ላይ እንደሚያሳስት ማወቅ ያስፈልጋል። የሶቪየት ጥገና ክፍሎች የተበላውን ጫፍ በውስጥ በኩል ቦርቡረው ስለሚያሰፉት፣ ጤነኛው መስመር የሚጀምረው ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ እንዲህ የተጠገነ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ በትክክል ይመታል።

አንዳንዶቹ ደግሞ የቱንም ያህል አምረው ቢገኙ ሊተኮስባቸው የማይገባ ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ ኤም 1903 ነው። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ የተሠሩት ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆነ፣ በሮክ አይላንድ የተሠሩት ደግሞ ከ285,507 በታች የሆነ ጠመንጃዎች ብረታቸው ሲቀጠቀጥ የእሳቱ ሙቀት የሚለካው በሠራተኛው ዓይን ነበርና፣ አንዳንዱ ከመጠን በላይ ተቃጥሎ ተሰባሪ ሆኗል። የትኛው እንደ ተቃጠለ በማየት መለየት ስለማይቻል፣ ሻጩ «ብዙ ተተኩሶበት ምንም አልሆነም» ቢልዎ እንኳ አይቀበሉት። ጃፓን ለተማሪዎች ማሠልጠኛ የሠራቻቸው፣ በርሜላቸው ልሙጥ የሆነ፣ የጃፓን ጦር ጠመንጃ የሆነውን አሪሳካን የሚመስሉ ጠመንጃዎችም አረር ለሌለው የልምምድ ጥይት ብቻ የተሠሩ ናቸው። በዓድዋ ዘመን የታወቀው ውጅግራ በበኩሉ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፤ በዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ የተሞላ ጥይት ሊያፈነዳው ይችላል።

በመቀርቀሪያውና በጠመንጃው አካል ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች አለመመሳሰል ብዙዎች በዋጋ ብቻ የሚያዩት ጉዳይ ነው። ከሌላ ጠመንጃ የመጣ መቀርቀሪያ በሚቆለፍበት ጊዜ ለቀለሁ ከሚገባው በላይ ክፍተት ሊተው ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀለሁ ሲተኮስ ይቀደድና የጋለ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ጥይት ከመተኮሷ በፊት ጠመንጃ ጠጋኝ ባለሙያ ክፍተቱን በመለኪያ ይመርምረው። ለዚህ የሚከፈለውን ገንዘብ ከግዢው ዋጋ ጋር አስቀድሞ መደመር ይገባል።

በእኔ ግምት ብዙ ገዢ የሚጸጸተው በጥይት ጉዳይ ነው። ርካሽ የጦር ሜዳ ጥይት በሣጥን ይሸጥ የነበረበት ዘመን አልፏልና፣ ጠመንጃውን ከመግዛትዎ በፊት ጥይቱ በአካባቢዎ እንደሚገኝና በስንት እንደሚሸጥ ይጠይቁ። ስሙ አንድ የሆነ ሁሉ አንድ አለመሆኑንም ያስተውሉ። 8 ሚሊ ሜትር ሞዜር የሚባለው ጥይት በ1888 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ አረሩ 8.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ1905 የመጣው ግን 8.2 ነው። ሰፊውን አረር በጠባቡ በርሜል ውስጥ መተኮስ ግፊቱን ወደ አደገኛ ደረጃ ያደርሰዋል። ካርካኖ የራሱ ጣጣ አለው። በ6.5 እና በ7.35 ሚሊ ሜትር የተሠሩት ጠመንጃዎች በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ የ6.5ቱ በርሜል ደግሞ ከተለመደው የ6.5 አረር ጥቂት ስለሚሰፋ፣ ለእርሱ ያልተሠራ አረር ዒላማውን ሲስት ጥፋቱ በተኳሹ ይመካኛል። ስድስቱን ጥይት አቅፋ ወደ ካዝናው የምትገባው ቅንጥብ ከሌለችም ጠመንጃው በደጋጋሚነቱ አይሠራም፤ ሲገዙ አብራ መኖሯን ያረጋግጡ። ኤም 1 ጋራንድ የተባለው የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ባለቤቶችም ለዘመናዊ አደን የተሠራውን ብርቱ .30-06 ጥይት ሊሸሹት ይገባል፤ በጋዝ የሚገፋውን ዘንግ ያጣምመዋልና።

አሮጌ የጦር ሜዳ ጥይት ያገኘ ሰው ሌላ ነገር ማወቅ አለበት። የብዙዎቹ መለኮሻ ሲነድ ጨው በበርሜሉ ውስጥ ይተዋል፤ ጨው ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱም ብረቱን ያዝገዋል። ዘይት ጨውን ስለማያሟሟ በዘይት መወልወል ብቻውን አያድነውም። ከተኩስ በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ በርሜሉን በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ በሚገባ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው። ብዙ የተኩስ ሜዳዎችም ጥይቱን በማግኔት ፈትነው ብረት ያለበትን እንደሚከለክሉ አይርሱ።

ለመጋዘን የተቀባውን ወፍራም ቅባት ሳያጸዱ መተኮስ ደግሞ መቀርቀሪያን ከማጣበቅ አልፎ አደጋ ያመጣል። ኤስ ኬ ኤስ በሚባለው ጠመንጃ የጥይቱን መለኮሻ የሚመታው መርፌ በመቀርቀሪያው ውስጥ በነፃ የሚንሸራተት ስለሆነ፣ ቅባቱ ወደ ፊት ይዞ ካቆየው ምላጩ ሳይነካ ጥይት ሊተኮስ ይችላል። መቀርቀሪያው ተፈትቶ እስከ መርፌው ድረስ ይታጠብ።

በአሜሪካ ሕግ በኩል የማይታለፍ ነገር አለ። ከንግድ ፈቃድ ካለው ሻጭ ሲገዙ ቅጽ 4473 ይሞላል፣ የኋላ ታሪክም ይጣራል። የመኖሪያ ፈቃድ ማለትም ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ሲችል፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። «ወረቀት ለሌለው ዘመዴ በስሜ ልግዛለት» ማለት ደግሞ እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ በይሉኝታ እሺ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ጠመንጃዎችን ለሚሰበስብ ሰው በ30 ዶላር ለሦስት ዓመት የሚሰጥ የሰብሳቢነት ፈቃድ አለ፤ ነግዶ ለማትረፍ ግን አያገለግልም፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግም ሊያጠብቀው ይችላል። ጠመንጃውን ለዘመድ መታሰቢያ ብሎ ወደ ኢትዮጵያ መላክ ከአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥርም ሆነ ከኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጋር ያጋጫል።

በመጨረሻ የሚመጣው ስህተት ከፍቅር የሚመነጭ ነው። ጠመንጃው ቤት እንደ ገባ ሰደፉ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ብረቱም እንደ ገና ይጠቁራል። በዚህ መካከል በእንጨቱ ላይ የነበረው የግምጃ ቤት ማኅተምና አንድ ወታደር በጩቤ የቀረጸው ፊደል አብሮ ይጠፋል፤ ሰብሳቢዎች የሚከፍሉበት ዋጋም እንዲሁ። እንጨቱ በለስላሳ ጨርቅና በተልባ ዘይት ከተወለወለ በቂ ነው፤ ስንጥቅ ካለው ግን ተኩሱ ሳያሰፋው በፊት በማጣበቂያ እንዲጠገን ለባለሙያው ይስጡት።