የጅረት ዳርና የክፍት ቦታ ዕፅዋት ሥራ ለኮንትራክተር ሲሰጥ፦ ውሉ ላይ ምን እንጻፍ?

አንድ ጊዜ የተቆጣጠርኩት ሥራ ነበር። ውሉ «የጅረቱን ዳርቻ ከሣርና ከቁጥቋጦ ማጽዳት» ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ሠራተኞቹም እንደተባሉት አደረጉ። እስከ ውኃው አፍ ድረስ አጨዱ፣ ቁጥቋጦውን ከነሥሩ ነቀሉት። ለርክክብ ስንሄድ ቦታው ጽድት ብሎ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ተመልሼ ስሄድ ዳርቻው ሁለት እርምጃ ያህል ተንዶ፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ከሥሩ አፈር ሳይኖረው ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

ጥፋቱ የሠራተኞቹ አልነበረም። የሚቆረጠውን ነገርናቸው እንጂ የሚቀረውን አልነገርናቸውም። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዓይነት ውል ሳዘጋጅ መጀመሪያ የምጽፈው «የማይነካው ምንድን ነው?» የሚለውን ነው። እናንተም ከዚያ ጀምሩ።

ሰነድ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ግን ቦታውን በእግራችሁ ዙሩት። ቢሮ ተቀምጦ ከካርታ ላይ የተለካ ሥራ በኋላ ጭቅጭቅ ነው የሚሆነው። ከተቻለ ሁለት ጊዜ ሂዱ፣ አንድ ጊዜ በደረቁ ወቅት፣ አንድ ጊዜ በዝናቡ፤ በበጋ ደረቅ ሜዳ የመሰላችሁ ቦታ በክረምት ማሽን የሚውጥ ረግረግ ሊሆን ይችላል። ስልካችሁ ላይ ባለው ጂፒኤስ ምልክት እየያዛችሁ ቦታውን ከፋፍሉት፦ ሜዳው፣ ተዳፋቱ፣ የጅረቱ ዳርቻ፣ ውኃው ራሱ። ሜዳውን በሄክታር፣ ዳርቻውን በሜትር ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች፦ ጅረት ሁለት ዳር አለው። 1 ኪሎ ሜትር ጅረት ማለት 2 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ነው፣ እና ሰነዱ ላይ ይህ በግልጽ ካልተጻፈ አንዱ ተጫራች ባንድ ዳር ሌላው በሁለት ዳር አስቦ ዋጋ ይሰጣችኋል፣ እናንተም የማይወዳደሩ ዋጋዎች ታወዳድራላችሁ።

አሁን ወደ ሥራ ዝርዝሩ እንግባ። ለእኔ ትልቁ ነገር ከውኃው ጠርዝ ጀምሮ የሚከለል ጥብቅ ቦታ ነው። እንደ ተዳፋቱ 3 ወይም 5 ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ገደል የበዛበት ላይ ከዚያም ይሰፋል። እዚያ ውስጥ ማሽን አይገባም፣ በእጅ ብቻ፣ ያውም በስም የተጠቀሰውን አረም ብቻ። ምክንያቱን ሰነዱ ላይ ጻፉት፣ ሠራተኛ ምክንያቱን ሲያውቅ ይጠነቀቃል፦ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ጥላው ውኃውን ያቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ከሞቀው ይልቅ አብዝቶ ይይዛል። የሚቀሩትን ዛፎች ቁጥር ለጥፉባቸው ወይም ሪባን እሰሩባቸው። «ትልልቆቹ ዛፎች ይቀራሉ» ማለት በቂ አይደለም፣ ለአንዱ ትልቅ የሆነው ለሌላው ቁጥቋጦ ነው።

ሜዳው ላይ ጉዳዩ ቀለል ይላል። የአጨዳውን ቁመት ጻፉ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቢቀር ጥሩ ነው፣ አፈሩ አይራቆትም። ጊዜውንም ወስኑ፦ አረሙ ዘር ከመቋጠሩ በፊት። ዘሩ ከደረሰ በኋላ ማጨድ ማለት አረሙን በገንዘባችሁ መዝራት ነው። ደረቅ ወቅት ላይ የማሽኑ ምላጭ ድንጋይ ሲመታ ፍንጣሪ ያወጣል፣ እሳት የሚነሳውም በዚህ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ጠዋት በጊዜ ያልቅ፣ ኃይለኛ ነፋስ ባለበት ቀን ይቁም፣ እሳት ማጥፊያና ውኃ ከማሽኑ ጋር ይኑር። ቁጥቋጦ ከመቆረጡ በፊትም የወፍ ጎጆ መኖር አለመኖሩ ይታይ። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት ጎጆ ከተገኘ ያ ቁጥቋጦ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይቆያል።

ወራሪ አረሞችን በስማቸው ጥቀሱ። «አረም» የሚለው ቃል ለብቻው ዋጋ የለውም። ፓርቴኒየም አንዱ ተክል ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፣ ሲነኩትም ቆዳ ያሳክካል፣ ስለዚህ ጓንትና ረጅም እጅጌ ግዴታ ነው። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የወፍ ቆሎ ጉቶው ከቀረ መልሶ ያቆጠቁጣል። እያንዳንዱ የራሱ አያያዝ ስላለው ለእያንዳንዱ አንድ ሁለት መስመር ስጡት፣ ፎቶም አያይዙ።

አንዲት አንቀጽ ደግሞ አትርሱ፦ ማሽኑ ወደ ሳይት ከመግባቱ በፊት ይታጠብ። አንድ ቀን ሊገባ የተዘጋጀ ማጨጃ ሥር እጄን ሰድጄ የደረቀ የሣርና የጭቃ ጓል አወጣሁ። መዳፌ ላይ ስፈረፍረው ጥቃቅን ጥቁር ዘሮች ፈሰሱ፣ የፓርቴኒየም ዘር ነበር። እኛ ሜዳ ላይ ፓርቴኒየም አልነበረም።

ኬሚካል የሚፈቀድ ከሆነ ልቅ አታድርጉት። ውኃ አጠገብ እንዲረጭ በመለያው ላይ የተፈቀደለት ምርት ብቻ ይግባ። አንዳንድ የግላይፎሴት (የአረም ማጥፊያ መድኃኒት) ምርቶች ውስጥ መድኃኒቱ ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ የሚጨመረው ነገር ከራሱ ከመድኃኒቱ ይበልጥ እንቁራሪትና ዓሣ ይጎዳል፣ ስለዚህ ስሙን ብቻ ሳይሆን መለያውን አንብቡ። ነፋስ ካለ ወይም ዝናብ ካንዣበበ አይረጭም። ጉቶ ላይ ከሆነ ደግሞ መርጨት ራሱ አያስፈልግም፣ እንደተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ በብሩሽ መቀባት ይበቃል። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት ሊትር እንደተጠቀመ በየቀኑ ይመዝገብ፣ መዝገቡ ካልቀረበ ክፍያ የለም።

ዋጋ ላይ አንድ ጥቅል ድምር አትቀበሉ። ነጠላ ዋጋ ጠይቁ፦ ለአንድ ሄክታር በአንድ ዙር፣ ለ100 ሜትር ዳርቻ፣ ለአንድ ዛፍ። ለድንገተኛ ነገር፣ ለምሳሌ ዛፍ ወድቆ መንገድ ቢዘጋ፣ የአንድ ቡድን የሰዓት ዋጋ አስቀድሞ ይቅረብ፣ ያኔ በችግር ሰዓት ድርድር ውስጥ አትገቡም። የተነቀለበትን ቦታ መልሶ መትከልም ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው።

ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ዝም ብሎ አሸናፊ ማድረግ ግን በዚህ ሥራ ላይ በጣም ውድ ነገር ነው። ርካሹ ተጫራች ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነው ዳርቻውንም በማሽን ለማጨድ ስላሰበ ነው። ቴክኒካል ሰነዱ (ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽበት) ከዋጋው ተለይቶ ለብቻው ይመዘን፣ የጨረታ ቅድመ ጉብኝትም ግዴታ ይሁን። ሥራውን የሚመራውን ሰው በስም ጠይቁና ራሱ ይምጣ፤ ሦስት አራት ተክል አሳዩትና የቱ ይነቀላል፣ የቱ ይቀራል በሉት። ይህ ፈተና ሰነዱ ላይ አስቀድሞ ከነነጥቡ ከተገለጸ ማንም ቅር አይለውም፣ ከብዙ ገጽ የልምድ ማስረጃም የበለጠ ይነግራችኋል።

የውሉ ዕድሜ አንድ ወቅት ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁ ባክኗል፣ ምክንያቱም አፈር ውስጥ ያለው ዘር በሚቀጥለው ዝናብ ይበቅላል። አንድ ዓመት ሆኖ ሥራው ጥሩ ከሆነ ለሁለት ዓመት የሚታደስ ቢሆን ይሻላል። ከክፍያው 10 በመቶ ያህል በመያዣነት ይቆይ፣ የሚለቀቀውም ከርክክብ ማግስት ሳይሆን አንድ የዝናብ ወቅት ካለፈ በኋላ ይሁን።

የመጀመሪያው ቀን 50 ሜትር ብቻ ያሠሩ። ከኮንትራክተሩ ጋር አብራችሁ እዩት፣ አስተካክሉት፣ ፎቶ አንስታችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ከዚያ በኋላ ክርክር ሲነሳ ያንን ፎቶ ማውጣት ነው። ከተወሰኑ ቋሚ ነጥቦች ደግሞ በየዙሩ በዚያው አቅጣጫ ፎቶ ይነሳ። የተቆረጠው ነገር የት እንደሚሄድ ጠይቁ፣ ጅረት ዳር ከተከመረ ጎርፉ ወስዶ የመንገዱን ቱቦ ይደፍነዋል። በትከሻ የሚያዘው ማጨጃ ድንጋይ ሩቅ ስለሚወረውር ሰው ከ15 ሜትር በላይ ይራቅ፣ ሠራተኛው የፊት መከላከያ ያድርግ፣ ለሰፈሩ ሰውም ምልክት ይለጠፍ።

ከመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ማግስትም ቦት ጫማችሁን አድርጉና ኮንትራክተሩን ይዛችሁ ውረዱ። የተናደ አፈር፣ የተጋለጠ ሥር፣ ቱቦ አፍ ላይ የተጠራቀመ ቅርንጫፍ ካለ እዚያው ቆማችሁ መዝግቡት፣ ቀጣዩ ክፍያ ከመፈረሙ በፊት ይስተካከል።