በእርቅ የተዘጋ የመሬት መዝገብን ሲቃወሙ የሚሠሩ ስህተቶች

በይዞታ ክርክር ተከራካሪዎች «ታርቀናል» ብለው ይቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱም ስምምነቱን አጽድቆ መዝገቡን ይዘጋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል። እንዲህ የተዘጋ መዝገብ በቀላሉ አይከፈትም። ይሁን እንጂ እርቁ በሐሰተኛ ሰነድ ተመሥርቶ፣ ሥልጣን በሌለው ወኪል ተፈርሞ ወይም በክርክሩ ያልነበረ ሰው ይዞታ ተካፍሎበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ እርቅ የሚፈርስበት መንገድ እያለ፣ ተቃዋሚው ራሱ መንገዱን ሲያበላሸው ይታያል።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት፦ በእርቁ ውስጥ የነበሩበትን ቦታ ሳይለዩ አቤቱታ መጻፍ

አቤቱታው ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር ይለይ፤ ስምምነቱን ፈርመዋል ወይስ ከክርክሩ ውጪ ነበሩ? አንድ ወንድም ከአባት የተወረሰውን ይዞታ ብቻውን ተከራክሮ ቢታረቅና ሌሎቹ ወራሾች ባይጠሩ፣ እነሱ ሦስተኛ ወገን ናቸው። መንገዳቸው የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 358 ነው። የክርክሩ ተካፋይ ሊሆኑ ይገባቸው የነበረ ወይም ይችሉ የነበረ፣ ራሳቸውም ሆኑ ወኪላቸው ያልተከራከሩ፣ በውሳኔው መብታቸው የተነካ ሰዎች ተቃውሟቸውን ውሳኔውን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ብዙዎች ግን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ እዚያ «የሥር ክርክር ተካፋይ አልነበራችሁም» ተብለው ሲመለሱ ወራት አልፈዋል።

እርቁን የፈረመ ሰው ግን በአንቀጽ 358 መምጣት አይችልም። ከፍርዱ በኋላ ቀድሞ ሊያውቀው የማይችለው አዲስ ነገር፣ ለምሳሌ የሰነድ ማጭበርበር፣ የሐሰት ምስክርነት ወይም ጉቦ ካገኘ፣ ፍርዱ እንደገና እንዲታይለት በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 6 ይጠይቃል። ነገሩ በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ ውሳኔውን ይለውጥ እንደነበር ማሳየትም አለበት።

ስምምነቱ ከፍርድ ቤት ውጪ ተፈርሞ ከሳሽ ክሱን ያነሣበት ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ፍርድ ቤቱ ያጸደቀው ነገር ስለሌለ በእጅ ያለው ውል ብቻ ነው፤ የሚጠየቀውም ውሉ እንዲፈርስ ነው። ለዚህ ነው አቤቱታ ከመጻፉ በፊት የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ ማውጣት የሚያስፈልገው። ትእዛዙን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ስምምነቱ ጸድቆ ወይስ ክሱ ተነሥቶ ብቻ እንደተዘጋ አያውቅም።

ጊዜን አሳልፎ መጮህ

የ358 ተቃውሞ የሚቀርበው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው። በመሬት ጉዳይ አፈጻጸም በጣም ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ስም አዛውሮ ካርታ ሲሰጥ ነገሩ ይከብዳል። በአንቀጽ 6 የሚቀርብ አቤቱታ ደግሞ ምክንያቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ «ዘግይቼ ሰማሁ» ብቻ አይበቃም። መቼ፣ እንዴትና በምን ሰነድ እንደታወቀ በቀን ይጻፍ፤ ሰነዱ የወጣበት ደብዳቤም ይያያዝ። የውል ማፍረስ ክስ የጊዜ ገደብ ግን ፈቃድን ያጎደለው ምክንያት፣ ለምሳሌ ማስገደዱ ወይም ማታለሉ፣ ካበቃበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1810)።

«ተጎዳሁ» ብቻ ማለት

ይህ ምክንያት አይደለም። እርቅ የሚሠራው ሁለቱም ወገን ከመብቱ ትንሽ ትንሽ ለቅቆ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 እርቁ በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ እንዲቆጠር ያደርጋል፤ ስለ መብቴ ተሳስቼ ነበር በሚል ምክንያት አይፈርስም። 500 ካሬ ሜትር ይገባኝ ነበር፣ 200 ብቻ ደረሰኝ የሚል አቤቱታ ከዚህ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። የተጭበረበረ ሰነድ ወይም የኃይል ማስገደድ ካለ ግን በግልጽ ይጻፍ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ።

ውክልናውን አለማንበብ

ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚፈታው እዚህ ነው፤ ያም ሆኖ ወረቀቱን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ወኪል ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ በስጦታ መስጠትም ሆነ መታረቅ አይችልም። በጥቅል «በስሜ ማንኛውንም ነገር እንዲፈጽም» የሚል ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ይሸፍናል። የውክልናው ግልባጭ ይውጣ፤ «እንዲታረቅ» የሚል ቃል መኖሩ ይታይ፤ ውክልናው የተሰጠበትና እርቁ የተፈረመበት ቀን ይነጻጸር። ወካዩ ሞቶ ከሆነ የሞት ማስረጃው ከዚሁ ጋር ይቅረብ።

የትዳር ጓደኛን መርሳት

በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለሌላ ሲተላለፍ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር፣ ምንም ቢሆን ግዴታው ከተገባ በ2 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ መብቱ ያልፋል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ቁጥሩ ከዚያው ይፈተሽ።

በእርቅ ስም የተሸፈነ የመሬት ሽያጭን አለማንሣት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬት አይሸጥም አይለወጥም። «ቦታውን ለቅቄለታለሁ፣ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ» የሚል እርቅ ባዶ መሬት የተሸጠበት ሊሆን ይችላል። ውሉ ሕገ ወጥ ከሆነ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው ሊያነሣው ይችላል (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1808)። በመሬቱ ላይ ቤት ካለ ግን ነገሩ ይለያል፤ ቤት ይሸጣልና።

ግማሽ ዳኝነት መጠየቅ

«ውሳኔው ይሰረዝልኝ» ብቻ የሚል አቤቱታ ቢሳካም በሌላው ወገን እጅ ያለው ካርታ ሳይሰረዝ ሊቀር ይችላል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 የይዞታ ማስረጃ የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ በውሳኔው መነሻ የተሠራው የስም ዝውውርና ካርታ እንዲሰረዝ፣ ይዞታውም እንዲመለስ አብሮ ይጠየቅ። ተቃውሞ ማቅረብ በራሱ አፈጻጸምን አያቆምምና የአፈጻጸም እግድ ጥያቄም በቃለ መሐላ ተደግፎ በዚያው ቀን ይግባ፤ እግዱ ከተሰጠ በኋላ ትእዛዙ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ መድረሱ በደረሰኝ ይረጋገጥ።