ነዳጅ ሲረገጥ የሚዘገይ ማንዋል መኪና፦ ጎጃም ላይ ከየት ይጀመራል?

"ነዳጅ ስረግጥ አይታዘዘኝም" የሚል ሾፌር ብዙ ጊዜ ሁለት ችግር ቀላቅሎ ነው የሚያወራው፤ ጉልበት ማነስንና መዘግየትን። ማንዋል ስፖርት መኪናም ይሁን ቀልጠፍ ያለች የቤንዚን ኮሮላ፣ ጉልበት ማነሱ በአብዛኛው የከፍታው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ የሚቀረው 75 አካባቢ ነው። ዓባይ በረሃ ሲወርድ ነፍስ የሚዘራውም ለዚህ ነው። ይህን ካንዴላ መቀየር አይመልሰውም። መዘግየቱ ግን የቆሻሻና የልቅነት ጉዳይ ስለሆነ ይስተካከላል።

ለመለየት ሞተሩን አሙቁና ከመርዓዊ ወደ ባሕር ዳር እንዳለው ያለ ሜዳ ላይ፣ መንገዱ ነጻ ሲሆን፣ በ3ኛ ማርሽ 2,500 አርፒኤም ይዛችሁ ፔዳሉን በአንዴ እስከ ግማሽ ርገጡ። የፔዳሉ መጀመሪያ ባዶ ሆኖ ከዚያ ከያዘ ከፔዳሉ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ ልል ነው። ወዲያው ቆም ብሎ፣ አስሎ ከሄደ አየር፣ ነዳጅ ወይም እሳት ላይ ችግር አለ። አርፒኤሙ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ እሱ ሳይጠገን ሌላውን መነካካት ገንዘብ መጣል ነው። ወዲያው ታዝዞ ግን ደካማ ከሆነ በአብዛኛው የተበላሸ ነገር የለም፤ ከፍታው ነው ወይም ማርሹ ከፍ ብሎ ነው።

ገመድ ካለው እንጀምር። ከ1989 እስከ 2005 የተሠሩት የማዝዳ ኤምኤክስ 5 መኪኖች በገመድ ናቸው፤ ቶዮታ 86 በኤሌክትሮኒክ ነው። ሞተሩን አጥፉና አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥ፤ እናንተ ቦኔቱን ከፍታችሁ የትሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ክንድ ማቆሚያውን መንካቱን እዩ። ካልነካ መጀመሪያ የወለሉን ምንጣፍ አንሱ። ወፍራም ምንጣፍ የፔዳሉን ጉዞ ሲበላ ማንም አይጠረጥረውም። ከዚያ የገመዱን ማጥበቂያ ብሎኖች ፈታ አድርጋችሁ ልልነቱን ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ላይ አቁሙት። ፈጽሞ አትወጥሩት፤ ሞተሩ ሲነቃነቅ ገመዱ ይሳብና ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዙር) ይወጣል፣ እግራችሁን ስታነሱም ቶሎ አይመለስም። ጫፉ ላይ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ገመዱ ይቀየር። ተቀርቅሮ ክፍት የቀረ ትሮትል ይዞ የዓባይን ቁልቁለት መውረድ የሚያስቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ ትሮትሉ ራሱ። የአየር ቱቦውን ስትፈቱ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ቀለበት ካያችሁ መጀመሪያ ላይ የሚይዘው እሱ ነው። የትሮትል ማጽጃ ጨርቅ ላይ እየነፋችሁ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጠርዙን ጥረጉ። የካርቡራተር ማጽጃ አንዳንዱን ሽፋን ይልጣል። ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ቁልፉ ወጥቶ ይሁን፣ ሳህኑም በጣት አይገፋ፤ ማርሾቹ ይጎዳሉ። ፋብሪካ ቀለም የቀባውን ማቆሚያ ብሎን አትንኩ። ከጽዳት በኋላ ሚኒሞው ቢዋዥቅ አትደንግጡ፣ ኮምፒውተሩ የለመደው ቆሻሻውን ነበር። ኤሲና መብራት አጥፍታችሁ ሞተሩን 10 ደቂቃ ያህል ሚኒሞ ላይ ተዉት፤ ካልረጋ የመኪናው መመሪያ ላይ ያለውን አሠራር ተከተሉ።

የአየር መለኪያው ሴንሰር በራሱ ማጽጃ ብቻ ይነፋል፤ ሽቦው በጨርቅም በጣትም አይነካም፣ ሳይደርቅም አይገጠምም። ከሴንሰሩ እስከ ትሮትሉ ያለውን እጥፋት ያለው ጎማ ጎንበስ አድርጋችሁ እጥፋቶቹን ክፈቱ። ቆሞ ሲታይ ጤነኛ የሚመስል ጎማ ሞተሩ ሲዘነበል ይከፈታል፤ ያልተለካ አየር ይገባና ድብልቁ ይሳሳል፣ መኪናው ያስላል። የሞተሩ ጎማ ሱፖርቶዎች ካለቁ ደግሞ ሞተሩ መጀመሪያ ራሱን ያወዛውዛል፣ ከዚያ ነው መኪናውን የሚገፋው። ብዙ ሰው ይህን ከነዳጅ ችግር ጋር ያምታታዋል።

ፊልትሮ ላይ አቋማችን አንድ ነው፦ ኮረኮንች ለሚበዛበት አገር ወረቀቱ ይሻላል። ዘይት የሚቀባው የጨርቅ ፊልትሮ ደቃቁን አቧራ በብዛት ያሳልፋል፣ ዘይቱ ሲበዛም ሴንሰሩን ያቆሽሻል። ቦኔት ውስጥ ክፍት የሚቀመጠው ሾጣጣውም ድምፅ ያምራል እንጂ ትኩስ አየር ነው የሚስበው። ወረቀቱን ስትነፉ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት።

ካንዴላው ላይ ክፍተቱ በመመሪያው ልክ ይሁን። ካርቡራተር ያለው መኪና ካንዴላው ጠቁሮ ከወጣ፣ ለቀጭኑ አየር ቤንዚኑ በዝቷል፤ አነስ ያለ ዋና ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) ያስፈልገዋል። ዲስትሪቢዩተሩን ሁለት ዲግሪ ማስቀደም ደጋ ላይ ቀለል ያደርገዋል፣ ግን ዓባይ ታች አየሩ ሲወፍር ሞተሩ ማንኳኳት ሊጀምር ስለሚችል፣ የሚመላለስ ሰው በፋብሪካው ልክ ቢተወው ይበጀዋል። በጀሪካንና በሃይላንድ ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ መዘግየት ከመጣ ደግሞ የነዳጅ ፊልትሮው ይቅደም።

ፔዳል ላይ የሚሰካው የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ጉልበት አይጨምርም። በትንሽ ርግጫ ትሮትሉን የበለጠ ይከፍታል፣ ያንን እግርም ያደርገዋል። ቀላል ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው፣ ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ግን እውነተኛ ለውጥ ያመጣል፣ በተለይ በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ፤ ማርሽ ስትቀንሱ በአንድ ንክኪ አርፒኤሙ ይወጣል። ዋጋው ዳገት ላይ ስትነሱ ሞተሩ ቶሎ መሞቱ ነው፣ ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው ሲወርድ አብሮ ይሠራ እንጂ ለእሱ ብቻ ማውረድ አያዋጣም። የፋብሪካውን የብረት ቮላኖ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥን ግን አንመክርም፤ የሳሳ ቮላኖ በከፍተኛ ዙር ከተሰነጠቀ ስብርባሪው ወለሉን በስቶ እግር ጋ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ አልቆ ወደ ደጀን ስትወጡ መኪናው አሁንም ከከበደ፣ በ4ኛ 1,800 ላይ አታስጨንቁት። 3ኛ አግቡና ከ3,500 በላይ ያዙት።