የግንባር ባትሪ እንዴት ይመረጣል?

የግንባር ባትሪ ሲገዛ ብዙው ሰው ቀድሞ የሚያየው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ቁጥር ነው። መቅደም ያለበት ግን ምን ሊሠሩበት እንደሆነና በአንድ ጊዜ ስንት ሰዓት መብራት እንዳለበት ነው። (እዚህ ባትሪ የምንለው መብራቱን ነው፤ ኃይል የሚይዘውን ድንጋይ እንለዋለን።)

1. ሥራውን ይለዩ። ሞተር ለመፍታት፣ ቧንቧ ለመጠገን ወይም ድንኳን ውስጥ ለማንበብ ከ30 እስከ 100 ሉመን ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ከብረቱና ከነጭ ግድግዳው እየተንጸባረቀ ዓይን ይወጋል። በጨለማ ለመራመድ ከ100 እስከ 200፣ ለሩጫና ለብስክሌት 300 እና ከዚያ በላይ ይያዙ።

2. ብርሃኑ የት እንደሚወድቅ ይዩ። ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ያብሩት። መሃሉ ቦግ ብሎ ዙሪያው ድንገት የሚጨልም ከሆነ ለሩቅ እንጂ ለእጅ ሥራ አይሆንም፤ አንዲት ብሎን ፍለጋ አንገትዎን ሲያዞሩ ይውላሉ። ሩቁንም ቅርቡንም የሚያበራ፣ ለየብቻ የሚጠፋ ከተገኘ እሱ ይሻላል። ካርቶኑ ላይ ያለውን የሜትር ቁጥር ደግሞ በግማሽ ይቀንሱት። በተለመደው የኤኤንኤስአይ (የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም) መለኪያ ርቀቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ 0.25 ሉክስ እስኪሆን፣ ማለትም ጥርት ባለ ሌሊት የሙሉ ጨረቃን ብርሃን እስኪያክል ድረስ ነው። በዚያ ብርሃን ጉድጓድ ከጥላ አይለይም።

3. ሰዓቱን ያስሉ። ሻጭ የማይወደው እርምጃ ይሄ ነው። ጥሩ ኤልኢዲ ከ1 ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል ብለው ይነሱ። 18650 የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ የሊቲየም ድንጋይ (ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር) ደህናው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል። በ3.6 ቮልት ሲባዛ 12.6 ዋት ሰዓት ይመጣል። ይህም 100 ሉመንን ለ12 ሰዓት ያህል፣ 1,000 ሉመንን ግን ለአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ ያበራል።

ታዲያ “1,000 ሉመን፣ 10 ሰዓት” የሚለው ከየት መጣ? በዚያው የኤኤንኤስአይ መለኪያ ሰዓቱ የሚቆመው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ነው። ባትሪው ለጥቂት ደቂቃ 1,000 ያበራል፣ ሲግል ራሱን ይቀንሳል፣ የቀረውን ሰዓት በመቶ ምናምን ሉመን ይጨርሰዋል። ስለዚህ የከፍተኛውን ሳይሆን የመካከለኛውን ደረጃ ሉመንና ሰዓት ያንብቡ፤ የሚሠሩት በእሱ ነው። 18650 ድንጋይ ላይ 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ካዩ ደግሞ ይተዉት። በዚያ መጠን ይህን ያህል የሚይዝ የለም። ትክክለኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ የውሸቱ ብዙ ጊዜ እጅ ላይ ይቀላል።

4. ድንጋዩን ይምረጡ። በየቀኑ ለሚሠራበት ቻርጅ የሚደረገው ያዋጣል። ከመብራት ርቆ ለሚሰነብት ሰው በኤኤኤ ድንጋይም የሚሠራ ይጠቅማል። የአልካላይን ድንጋይ ውስጡ ከቆየ ያፈስና መገናኛ ብረቱን ይበላዋል፤ ሳይጠቀሙበት ለወራት የሚያስቀምጡት ከሆነ ያውጡት። አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ፤ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ሌሎቹ በግድ ሲገፉት ያፈሳል። ሊቲየሙን ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አያድርጉ፣ ለረጅም ጊዜ ሲያስቀምጡትም ግማሽ ያህል ሞልተው ይሁን።

5. ራስዎ ላይ አስረው ይሞክሩት። ጎንበስ ቀና ይበሉ። ወደ ቅንድብ ከተንሸራተተ ላስቲኩን ማጥበቅ ራስ ምታት ነው የሚያተርፈው። እስከ 100 ግራም በአንድ ላስቲክ ይቆማል፤ 150 ካለፈ ድንጋዩ ከኋላ የሆነ ወይም በአናት የሚያልፍ ላስቲክ ያለው ይፈልጉ። ማብሪያውን በጓንት ይጫኑት። መቆለፊያም ይኑረው፤ አለበለዚያ ቦርሳ ውስጥ ራሱ በርቶ ያልቃል።

6. ውሃ። አይፒኤክስ ውሃ የመቋቋም ደረጃ ነው። ለዝናብ አይፒኤክስ 4 ይበቃል፤ አይፒኤክስ 7 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል። የቻርጅ ቀዳዳው የጎማ ክዳን ካልገጠመ ግን ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

7. ለባለሙያ ሁለት ነገር ይጨመራል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያገናኝ ሰው የቀለም መለያ መጠኑ (ሲአርአይ) 90 እና በላይ የሆነ ይውሰድ፤ በ70ው ቀይና ቡናማ ሽቦ ይመሳሰላል። የሚሽከረከር መሣሪያ አጠገብ የሚሠራ ደግሞ የበራውን ባትሪ በስልክ ካሜራ ይየው። ጥቁር መስመሮች ከታዩ መብራቱ እየጠፋ እየበራ ነው፤ በዚህ ብርሃን የሚዞር ምላጭ የቆመ ሊመስል ይችላል። ጋዝ ወይም የነዳጅ ትነት ባለበት ቦታ ለዚያ የምስክር ወረቀት የሌለው ባትሪ አይበራም።

ገዝተው እንደገቡ ሙሉ ቻርጅ ያድርጉት፣ በሚሠሩበት ደረጃ ያብሩትና እስኪደክም ሰዓት ይያዙ። ከተጻፈው በግማሽ ካነሰ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ይመልሱት።