ቴብል ድሮፕ ከማድረጋችሁ (ከማጥፋታችሁ) በፊት፦ ዲፔንደንሲ (ምኑ በምኑ ላይ እንደተደገፈ) ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ትናንት አንድ ጀማሪ ልጅ ደወለልኝና "ጋሼ፣ ይቺን ቴብል ማንም አይጠቀምባትም፣ ላጥፋት?" አለኝ። በምን አወቅክ ስለው "ኤስፒ ዲፔንድስ ባዶ ነው ያመጣው" አለ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ በአንድ ቴብል የሚጠቀመውን ኮድ የሚዘረዝር ትዕዛዝ ነው። አቦ ስንቴ ነው ይሄንን የምሰማው! እሱንም ሌሎቻችሁንም በአንዴ ልንገራችሁ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት፦ ካታሎጉ (ዳታቤዙ ስለራሱ የሚይዘው መዝገብ) ዝም ካለ ተጠቃሚ የለም ብሎ መደምደም

ይሄንን እኔም አድርጌዋለሁ። እዚሁ ድሬ፣ ስንቱ ሰው ለዓመታት ሲቀጣጥልበት የኖረ የኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታቤዝ ነበር የያዝኩት። ሚያዝያ ላይ ሳጸዳ አንዷን ቴብል ካታሎጉን ጠየቅኩ፣ ምንም የለም፣ መጨረሻ ዳታ የገባባትን ቀን አየሁ፣ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ድሮፕ አደረግኳት። ግንቦት ሰላም፣ ሰኔም ሰላም። ሰኔ 30 ማታ ሂሳብ ክፍሎች ሻያቸውን በፔርሙዝ ይዘው ዓመቱን ሊዘጉ ቁጭ ሲሉ ፕሮሲጀሩ (ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው የመዝጊያ ኮድ) ኤረር 208 ብሎ ቆመ፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ለካ ፕሮሲጀሩ ውስጥ የቴብሏ ስም የለም፤ "መዝጊያ" የሚል ቃልና የቅርንጫፉን ኮድ እየገጣጠመ ስሙን እዛው ይሰራና ያስኬደዋል፣ ዳይናሚክ ኤስኪውኤል የሚሉት ነው። ካታሎጉ ይቅርና እኔ ራሴ ኮዱን ሁሉ በሙሉ ስሟ ብፈልግ አላገኛትም ነበር። ከሚያዝያው ባክአፕ ሌላ ዳታቤዝ ላይ ሪስቶር አድርጌ ስመልሳት ነጋ። ቬንትሌተሩ ሙቅ አየር እያዞረ፣ የሂሳብ ሃላፊዋ ጠረጴዛው ላይ እጃቸውን ተንተርሰው እንቅልፍ ወስዷቸው፣ እስካሁን ይታየኛል።

የድሬ ልጅ የደቻቱን ወንዝ ያውቃል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ዝም ብሎ ይሻገረዋል፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ይመጣል፤ በ1998 ክረምት የመጣውን ጎርፍ ማን ይረሳል። በዓመት አንዴ የሚሰራ ቴብልም እንደዛ ነው።

ስለዚህ ኤስፒ ዲፔንድስን ተዉት፣ ማይክሮሶፍት ራሱ ይቀራል ካለው ቆይቷል። ከ2008 ቨርዥን ጀምሮ ሲስ ኤስኪውኤል ኤክስፕሬሽን ዲፔንደንሲስ የሚባል ቪው (እንደ ቴብል የሚነበብ የተቀመጠ ጥያቄ) አለ፣ ቴብሉ ገና ሳይፈጠር የተጻፈ ፕሮሲጀር ቢሆን እንኳን በስም ይመዘግበዋል። ዳይናሚኩን ግን እሱም አያይም፣ ለዛ የፕሮሲጀሮቹን ጽሁፍ በስሙ ቁራጭ ፈልጉ። ከዛ በኋላ እንኳን ድሮፕ አታድርጉ፣ ሪኔም አድርጉ (ስሙን ቀይሩት) እና ጠብቁ፣ የሚጮህ ካለ ይጮሃል፣ እናንተም በሰከንድ ትመልሳላችሁ። ሰኔ 30 እስኪያልፍ ነው ታዲያ፣ ሁለት ሳምንት አይደለም።

ካስኬድ

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ "በዚህ ላይ የተደገፈ ነገር አለ" ብሎ ሲከለክላችሁ ካስኬድ (የተደገፈውንም አብረህ አጥፋ የሚል ቃል) ጨምራችሁ አትለፉ፣ የዘረዘረላችሁን አንብቡ። ደሞ ዝርዝሩ ሙሉ እንዳይመስላችሁ፣ ፋንክሽን ውስጥ እንደ ተራ ጽሁፍ የተቀመጠ ኮድ ፒጂ ዲፔንድ ውስጥ፣ ማለት የፖስትግሬስ የዲፔንደንሲ መዝገብ ውስጥ፣ አይገባም። ከቨርዥን 14 ወዲህ ቢጊን አቶሚክ ብላችሁ የጻፋችሁት የኤስኪውኤል ፋንክሽን ነው የሚመዘገበው።

ማይኤስኪውኤል ላይ ደሞ ቪው ቢደገፍበትም ክልከላ የለም፣ ቴብሉ ይጠፋል፣ ቪው ዝም ብሎ ይቀመጥና የሚሰበረው አንድ ሰው ሲጠራው ነው።

ከዳታቤዙ ውጪ ያለውን መርሳት

በጊዜ የሚነሱ ጆቦች የሚያስኬዱት ኮድ ዲፔንደንሲ ቪው ውስጥ አይታይም፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ጆቦቹን በሚይዘው ኤምኤስዲቢ ዳታቤዝ ውስጥ ሲስጆብስቴፕስ የሚባል ቴብል ላይ ነው ያለው፣ እሱንም ፈልጉ። ኤክሴል ደሞ አለ። አንዴ የአንድ ኮለም ስም "አስተካክዬ" ሀረር ያለች የሂሳብ ልጅ ለካ ኤክሴሏን ቀጥታ ከቪው ጋር አያይዛ ነበር፣ ሰኞ ጠዋት ሪፖርቷ አልከፈት አላት። እሷን የሚነግረኝ ካታሎግ የለም፣ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ።

ካርታውን ላፕቶፕ ውስጥ መቅበር

ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ጎበዝ ልጅ ሳምንት ሙሉ ለፍቶ የትኛው ቪው ከየትኛው ቴብል እንደሚያነብ በኤክሴል ይሰራል፣ ቴሌግራም ላይ ይልከዋል፣ ከዛ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "የመጨረሻ የታረመ" የሚሉ ፋይሎች ይመጣሉ፣ ልጁም ስራ ይቀይራል። በእጅ የተሰራ ካርታ በማግስቱ ያረጃል። ካታሎጉን በየሌሊቱ የሚያነብ አጭር ስክሪፕት ጻፉ፣ ውጤቱን ተራ ጽሁፍ አድርጉና ከስኪማው (ከዳታቤዙ አወቃቀር) ጋር ጊት ላይ፣ የፋይል ለውጥ መዝጋቢው ላይ፣ አስቀምጡት፣ ምን እንደተለወጠ በማግስቱ ይታያል። አጠገቡ በእጅ የሚጻፍ አንድ ፋይል ይኑር፣ ካታሎጉ የማያየው ሁሉ እዛ ይግባ፦ ዳይናሚኩ፣ ጆቡ፣ የሀረሯ ኤክሴል፣ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ጭምር። ሪፖርት የሚሰሩትም ሂሳብ ክፍሎችም ይዩት፣ "ይሄ የኛ ነው" የሚሉት እነሱ ናቸውና።

ለልጁ አብሽር አልኩትና አብረን በስሟ ቁራጭ ፈለግን። ሁለት ቦታ ተገኘች፣ አንዱ የዓመት መዝጊያ ጆብ ውስጥ። አሁን ስሟ ፋይሉ ላይ ተጽፏል፣ ቴብሏም ቦታዋ ላይ ናት።