የስሎው ኩከር ቀይ ወጤ ውሃ ውሃ ማለቱን ያቆመልኝ ነገር
ደሴ ነው ያለሁት። ሐሳቤ ጠዋት ስሎው ኩከር ላይ (በዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ሰዓት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ነው) ጥጄ ወጥቼ ማታ የደረሰ ቀይ ወጥ ማግኘት ነበር። ሦስት ቀን ያገኘሁት ግን ቀይ ውሃ ነው። ሥጋው በስሏል፤ ሽንኩርቱ ቅርጹን እንደያዘ ይንሳፈፋል፣ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል።

መጀመሪያ ውሃ ቀነስኩ። ትንሽ ተሻለ እንጂ አልወፈረም፣ ምክንያቱም ሽንኩርቱና ሥጋው ራሳቸው ውሃ ያወጣሉ፣ ክዳኑ ደግሞ እንፋሎቱን መልሶ እዚያው ያንጠባጥበዋል። ቀጥሎ ሙቀቱን ከሎው (ዝቅተኛ) ወደ ሃይ (ከፍተኛ) አዞርኩት። ሥጋው ተፈረካከሰ፣ መረቁ ያው። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ከፍቼ ተውኩት፤ ሙቀቱ ወርዶ ራት የበላነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፣ በረካው ሁሉ ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ።

የሠራው ይሄ ነው። ማታውኑ 1 ኪሎ ሽንኩርት አድቅቄ በተራ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ ውሃው እስኪመጥ አቁላላሁት። ከዚያ ዘይትና በርበሬ ጨምሬ፣ እንዳያር ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ሌላ 40 ደቂቃ ያህል አማሰልኩ። ስሎው ኩከር ይቀቅላል እንጂ አያቁላላም፤ ለካ ችግሩ እሱ ነበር። ቁሌቱ ፍሪጅ አደረ። ጠዋት አሙቄ ከሥጋው ጋር ከተትኩት፣ ውሃ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ፣ ሎው ላይ ለ8 ሰዓት ያህል። ቅቤና መከለሻ መጨረሻ ላይ።

መብራት ጠፍቶ ከመጣና ስንት ሰዓት እንደቆየ ካላወቃችሁ ግን ወጡን አትብሉት። እኔ አንዴ አንጀቴ እያረረ ደፍቻለሁ።